በካምፓላ ያለፈው መዳብ

ካምፓላ ለሃያ አምስት ዓመት የባቡሩ ማብቂያ ነበረች። ከሞምባሳ ተነስቶ በ1931 የደረሰባት ሐዲድ ከእሷ ወዲያ አይሄድም ነበር (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1956 ግን ወደ ምዕራብ ተቀጥሎ በርዌንዞሪ ተራሮች ግርጌ ያለችው ካሴሴ ደረሰ። ሐዲዱን ወደዚያ የሳበው በአቅራቢያዋ ካለው ከኪሌምቤ ጉድጓድ የሚወጣው መዳብ ነበር።

ድንጋዩ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ መዳብ ስለነበረው እዚያው ተፈጭቶ ገለባው ይለይለት ነበር፤ ከዚያ በፉርጎ ተጭኖ ካምፓላን አቋርጦ ጂንጃ ይወርድ ነበር። ማቅለጫው ጂንጃ ላይ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1954 የመረቁት የኦወን ፏፏቴ የኤሌክትሪክ ግድብ እዚያው ነበር። ካምፓላም ያን ጊዜ መብራቷን ታገኝ የነበረው ከዚሁ ግድብ ነው።

የኪሌምቤ መዳብ ከብረትና ከድኝ ጋር የተቆራኘ ነው። አቅላጮቹ አየር እየነፉ ድኙን በጋዝ ያስወጡት፣ ብረቱን በዝቃጭ ይለዩት ነበር። የሚቀረው መዳብ ፊቱ ውኃ የቋጠረ ቆዳ ይመስላል። ሽቦ ለመሆን ገና ሌላ ማጣራት ይጠብቀዋል፤ ውስጡ የቀረውም ኦክስጅን ይወጣለታል። መዳብና ኦክስጅን ሲጋቡ የሚወለደው ጥቁር ዱቄት ለሽቦ ሠሪ ብልሽት ነው።

በኢዲ አሚን ዘመን ምርቱ አሽቆለቆለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጉድጓዱ ሥራ አቆመ።

በጃንዋሪ 1986 ካምፓላ በዮዌሪ ሙሴቬኒ ተዋጊዎች እጅ ገባች። በዚያው ወር ዙሪክ አጠገብ በሚገኘው የአይቢኤም ላቦራቶሪ ጌኦርግ ቤድኖርዝና አሌክስ ሙለር መዳብን ከላንታነም፣ ከባሪየምና ከዚያው ከተናቀው ኦክስጅን ጋር አዋሕደው የጋገሩትን ጥቁር ሸክላ እያቀዘቀዙ ይለኩ ነበር። ኤሌክትሪክን አንዳች ሳያባክን የሚያሳልፍ ነገር፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተር፣ ከ1911 ጀምሮ ይታወቃል፤ ግን ቢያንስ ከዜሮ በታች 250 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ ይሻ ነበር። የሁለቱ ሸክላ በ238 ገደማ ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ኖቤል ተሸለሙ፤ እንዲህ የፈጠነ ሽልማት ብዙ አይታይም።

በ1987 መባቻ የፊዚክስ ሊቃውንቱ የፖል ቹና የማው ኩን ዉ ቡድኖች ላንታነሙን በኢትሪየም ተኩት፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 180 ብቻ ሆነ። ይህ ቁጥር ዓለምን ያስጮኸው ናይትሮጅን ፈሳሽ ሆኖ የሚገኘው በ196 ስለሆነ ነው። ናይትሮጅን ከአየር ይወጣል፣ ርካሽም ነው።

አሠራሩ ለሸክላ ሠሪ እንግዳ አይደለም። በአቶም ቆጠራ አንድ ኢትሪየም፣ ሁለት ባሪየም፣ ሦስት መዳብ ይመጠናል፤ ይፈጫል፣ ከ900 ዲግሪ በላይ ይጋገራል። ቁም ነገሩ ግን ከእሳቱ በኋላ ነው። ለሦስቱ መዳብ ስድስት ኦክስጅን ብቻ ከደረሰ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ተራ ሸክላ ሆኖ ይቀራል። በኦክስጅን ውስጥ ቀስ ብሎ ሲበርድ ሰባተኛውን ይስባል፤ ይህ ተጨማሪ ኦክስጅን የመዳብና የኦክስጅን ስስ ንጣፎች ካሏቸው ኤሌክትሮኖች ይወስዳል። በንጣፎቹ ላይ የቀሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ያለ እንቅፋት ይፈስሳሉ። ምን እንደሚያጣምራቸው የፊዚክስ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

ሸክላነቱ ግን አልለቀቀውም፤ ይሰበራል። ስለዚህ በብረት ጥብጣብ ላይ በስሱ ይለበጣል፤ ወንድሙ የቢስመዝ ሸክላ ደግሞ በብር ተሸፍኖ ይጎተታል። የጀርመኗ ኤሰን በ2014 አንድ ኪሎ ሜትር የሚሆን እንዲህ ያለ ገመድ መሬት ውስጥ ቀብራ ሥራ አስጀመረች።

ካምፓላስ? ኡሜሜ የተባለው ኩባንያ የአገሩን የኤሌክትሪክ ሥርጭት በ2005 ሲረከብ ከመቶ 38 እጅ ገደማ ኃይል መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር። አሮጌ ሽቦ የበላው አለ፣ በሕገወጥ ቅጥያ የተሰረቀም አለ፤ ሌባ የሚያስቆም ሸክላ ደግሞ ገና አልተጋገረም። ኩባንያው ብክነቱን ከግማሽ በታች ያወረደው በቆጣሪና በቁጥጥር እንጂ በኬሚስትሪ አይደለም።

የሱፐርኮንዳክተሩ ሸክላ ግብዓት ግን ቅርብ ነው። ከከተማዋ በስተምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የማኩቱ ሸክላ አፈር ኢትሪየም አለበት፤ የማውጫ ፈቃዱ የተሰጠው በ2024 ነው። ቅዝቃዜው ደግሞ ከዚያም ይቀርባል። እንቴቤ ያለው የእንስሳት ዝርያ ማዕከል ፈሳሽ ናይትሮጅን ያመርታል፤ ቹ ሸክላቸውን ያቀዘቀዙበት ፈሳሽ እዚህ የኮርማ አባለዘር ተነክሮበት ወደ አርቢዎች ይጓዛል።