ኬላና ግጦሽ

ኮንትሮባንድ በአዋጅ ሲነበብ አንድ ፍቺ ብቻ ያለው ቃል ይመስላል። ሆኖም በአቃቂ ቃሊቲና በምሥራቁ ጠረፍ በአንድ ሚዛን ተመዝኖ አያውቅም።

አቃቂ የፋብሪካ፣ ቃሊቲ የጉምሩክ ሰፈር ነው። በአቃቂ የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ከተተከለ ወዲህ፣ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ከአገር ውስጥ የጨርቅ ገበያ ጋር ተሳሰረ። ስለዚህ ቀረጥ ሳይከፈልበት የሚገባ ጨርቅ፣ በተለይም ሰልባጅ የሚባለው ልባሽ፣ ከፈታዩና ከሸማኔው እንጀራ ላይ እንደሚቆረስ ይቆጠራል።

የሐውድ ሶማሌ አርብቶ አደር ግን ጉዳዩን የሚያየው ከግጦሹ ተነሥቶ ነው። በግንቦት 1889 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዙ መልእክተኛ በሬኔል ሮድ መካከል የተደረገው ስምምነት ወሰን ሲያሠምር፣ በግራና በቀኝ ያሉ ጎሣዎች በግጦሽና በውኃ ጉድጓድ እንዲጠቀሙ ፈቅዶ ነበር። የ1947 ዓ.ም. ስምምነትም የግጦሹን መብት አጸና። በ1952 ዓ.ም. ሶማሊያ ነጻ ስትወጣ ይህ ውል ቢቀርም፣ መንጋው ወደ በርበራ ወደብ መውረዱን አላቋረጠም። ከብት የነዳው በስኳር፣ በሩዝና በጨርቅ ይመለሳል። በገበያው ደላላው ለእንስሳው ባለቤትነት ዋስ ይሆናል፤ የተሰረቀ ከብት መሸጥ ነውር ነው፤ ኬላ መዝለል ግን እንደ አባት ንግድ ይታያል።

ይህ አመለካከት በሌላም አገር አለ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1881 ዓ.ም. በተስማሙበት ወሰን በናይጄሪያና በዛሬዋ ቤኒን የተከፈሉት ዮሩባዎች ኮንትሮባንድን «ፋያዎ» ይሉታል፤ በደረት መሳብ ማለት ነው። ቃሉ የሥራውን ድካምና ስጋት እንጂ ሌብነትን አይናገርም።

ይሁን እንጂ ንግዱ እንደ ጥንቱ አልቀረም። በ1980 ዓ.ም. ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች የሰፈሩባት ሐርቲሼክ የታወቀች የኮንትሮባንድ ገበያ ሆነች። በግመል ይጫን የነበረው በካሚዮን ተተካ፤ መድረሻውም የአርብቶ አደሩ ጎጆ መሆኑ ቀርቶ የመሀል አገር መጋዘን ሆነ። ትርፉ የባለገንዘቡ፣ የጠረፉ ሰው ድርሻ የመንገድ መሪነትና የጫኝነት ዋጋ ብቻ ነው።

የጠረፍ ንግድ ፈቃድ በዓይነትና በመጠን የተወሰነ ዕቃ ለጠረፍ ነዋሪዎች መፍቀዱ ይህን ልዩነት የተገነዘበ ነው። የቤት ቀለብ የያዘውንና በካሚዮን የጫነውን በአንድ ዓይን የሚያይ ቁጥጥር፣ የጠረፉን ሕዝብ ከባለካሚዮኑ ጋር ያወዳጀዋል። ያን ጊዜ አርብቶ አደሩ ስኳሩን ያጣል፤ የአቃቂ ፈታይም ገበያውን አያተርፍም።