ጭንቀትና እንቅልፍ፦ ኮርቲሶልና ሜላቶኒን በቀንና በሌሊት

በአሶሳ ዞን ባምባሲ ወረዳ ሰብል በሚደርስበት ወቅት ማሳውን ከዱር አሳማና ከጃርት ለመጠበቅ ሌሊቱን ውጭ የሚያድር አርሶ አደር አለ። በከተማው ደግሞ የንግድና የኑሮ ሐሳብ ይዞት እስከ እኩለ ሌሊት ስልኩን ሲመለከት የሚያመሽ ነዋሪ አለ። ሁለቱም ጋደም ሲሉ እንቅልፍ እንቢ የሚላቸው ጊዜ ይኖራል። ምክንያቱን ለመረዳት በሰውነት ውስጥ በየዕለቱ የሚፈራረቁ ሁለት ሆርሞኖችን ማወቅ ይጠቅማል።

የቀኑና የሌሊቱ ሆርሞኖች

ኮርቲሶል ከኩላሊት በላይ ከሚገኙ ዕጢዎች ይመነጫል። መጠኑ በእኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅ ይልና ከንጋት በፊት መጨመር ይጀምራል፤ ከእንቅልፍ በተነሣን በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ኃይል የሚሰጥ በመሆኑ ለጤና አስፈላጊ ነው።

ሜላቶኒን በአንጻሩ አንጎል ውስጥ ከምትገኝ ፓይኒያል ከተባለች ትንሽ ዕጢ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ለርነርና ባልደረቦቹ ከከብት ዕጢ ለይተው አወጡት። ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ጀምሮ ይጨምራል፤ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍተኛ መጠን ይይዛል፤ ሲነጋም ይቀንሳል።

ሁለቱንም የሚያዛቸው ከዓይን የብርሃን መልእክት የሚቀበለው የአንጎል ሰዓት ነው። ባምባሲ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ዓመቱን ሙሉ ለሰውነት አስተማማኝ ምልክት ይሆናሉ።

ጭንቀት እንዴት ይገባል?

ፓይኒያል ዕጢ ሜላቶኒን የምትሠራው በሌሊት ከነርቮች ኖራድሬናሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሲደርሳት ነው። ይኸው ንጥረ ነገር በድንጋጤና በጭንቀት ጊዜም ይመነጫል። ታዲያ ጭንቀት ሜላቶኒንን ለምን አያበዛም? የዕጢዋ ነርቮች በደም የሚመጣውን ትርፍ ኖራድሬናሊን ስለሚያስወግዱ፣ ዕጢዋ በዋናነት የምትታዘዘው ለአንጎል ሰዓት ነው።

ኮርቲሶልም ሜላቶኒንን በቀጥታ ያጠፋል ማለት አይደለም። ጉዳቱ በአብዛኛው በሌላ መንገድ ይመጣል። ሐሳብ የበዛበት ሰው ኮርቲሶልና አድሬናሊን ሊቀንሱ በሚገባቸው ሰዓት ከፍ እንዳሉ ይቆያሉ፤ ልቡ ይመታል፤ አንጎሉም ንቁ ይሆናል። እንቅልፍ ሲያጣ መብራት ያበራል ወይም ስልክ ይከፍታል፤ ብርሃኑም ሜላቶኒንን ይገታል። እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ በማግስቱ ጭንቀቱን ያባብሳል። በግጭት ምክንያት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖችና እ.ኤ.አ. በ2012 በተከፈተው የባምባሲ መጠለያ ጣቢያ የሚኖሩ ሱዳናውያን ስደተኞችን የመሰሉ ከባድ መከራ ያዩ ሰዎች ለዚህ አዙሪት ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ቡናና ጫትም ድርሻ አላቸው። ጫት አድሬናሊን መሰል ንቃት ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት የተወሰደ ካፌይን የሰውነትን ሰዓት 40 ደቂቃ ያህል እንደሚያዘገይ አሳይቷል። አረቄ ቶሎ ቢያስተኛም ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንቅልፍን ይቆራርጣል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

• ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት መነሣትና የፀሐይ ብርሃን ማግኘት፤
• ከቀትር በኋላ ቡናና ጫት ማቆም፤
• ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት መብራትን መቀነስና ስልክን ማስቀመጥ፤
• ማሳ የሚጠብቁ ሰዎች ሌሊቱን በተራ መከፋፈል፣ ቀን ሲተኙም ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ መምረጥ።

ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚታዘዙ ቤታ ብሎከር የተባሉ መድኃኒቶች ሜላቶኒንን ሊቀንሱ ይችላሉ። ሆኖም ታካሚው በራሱ ፈቃድ ሊያቋርጣቸው አይገባም፤ ድንገት ማቋረጥ ለልብ አደገኛ ስለሆነ ሐኪሙን ያማክር።

እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እየሆነ ለሦስት ወራት ከቀጠለ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ተገቢ ነው። ተደጋጋሚ ቅዠት፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ በዚያው ዕለት ሕክምና መሻት ይገባል።