የቢራችን ታሪክ ከፋብሪካ አይጀምርም፤ ከወፍጮ ነው

የኢትዮጵያ ቢራ ታሪክ ሲተረክ መነሻው ሁልጊዜ 1915 ዓ.ም ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ የቆመበት ዓመት። ከዚያ ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሸን እያለ ይወርዳል። በ2003 ሄኒከን ሐረርንና በደሌን ገዛ፣ በ2004 ዲያጆ ሜታን ገዛ ብሎ ይቀጥላል። በዚህ ትረካ ውስጥ ወፍጮ የሚባል ነገር የለም። ወፍጮ የሌለበት የመጠጥ ታሪክ ደግሞ ሴት የሌለችበት ታሪክ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ገብስ እንዳለ አልኮል አይሆንም። ተዘፍዝፎ፣ በቅሎ፣ ደርቆ ብቅል ሲሆን፣ በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይነቃሉ። ብቅሉ ካልተፈጨ ግን ውሃው ውስጡን አያገኘውም። ጠላም ሆነ የጀርመን ቢራ፣ ያለ ወፍጮ አይታሰብም።

ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች ማፍላቱንም ማጥለሉንም በአንድ ዕቃ የሚጨርስ የኤሌክትሪክ መጥመቂያ ይገዛሉ። አጠገቡ ትንሽ የብቅል ወፍጮ ያስቀምጣሉ። ዋናው ክርክራቸው ብቅሉ ምን ያህል ይድቀቅ የሚል ነው። ከላመ ገለባው ይደቅቅና ማጥለያው ይደፈናል፤ ፍሬው ካልተሰበረ ደግሞ ስኳሩ አይወጣም።

የእኛ ጠላ ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ ነው የፈታው። ድፍድፉ በገለባ አይጠልም፤ ጋን ውስጥ ይዘቅጣል። አተላው ከታች ቀርቶ ለከብት ይሆናል፣ ጠላው ከላይ ይቀዳል። ብቅሉ በወፍጮ ይፈጫል፣ የጌሾው ቅጠል በሙቀጫ ይወቀጣል፣ እንኩሮው በምጣድ ይታመሳል፣ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ምክንያት አለው። ይህ ዕውቀት ነው፤ ባለቤቶቹ ግን ባለሙያ ተብለው በመዝገብ አልሰፈሩም።

ዕውቀቱ ዋጋ ተከፍሎበታል። ሴቲቱ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለአንድ ድግስ ቀናት ትፈጭ ነበር። በገባር ሥርዓት ጊዜ ለባለ ጉልቱና ለመልከኛው እህል መፍጨት ከገባሩ ግዴታዎች አንዱ ነበር፤ ሸክሙም የወደቀው በሚስቱ ላይ ነው። ጦር ሲዘምትም ፈጪዎች ከኋላው ይከተሉ ነበር። ዐድዋ የተዘመተው በጠመንጃ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ሴቶች ጉልበትም ነው።

ወፍጮው ከቤት የወጣው ቀስ በቀስ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ አዳማ መንገዱ ላይ ነበረች፤ እህልና ነጋዴ የሚገናኙባት ከተማም ሆነች። ከከተማዋ ቅርብ ርቀት ላይ የቆቃ ግድብ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም ተመረቀ። የሞተርና የኤሌክትሪክ ወፍጮ ሲስፋፋ፣ ወፍጮ ቤት የሴቶችን ጉልበት ከድንጋይ ላይ አነሳው። የማብቀሉ ሥራ ግን እቤት ቀረ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል እናቶች በየጓዳው ብቅል ያበቅላሉ። በሌላ በኩል በ1976 ዓ.ም የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በአርሲ ገብስ መሀል ተተከለ። የቢራ ፋብሪካዎች ሲበዙ የአሰላ ምርት አልበቃም፤ ገብስ አብቃይ አገር ብቅል በዶላር መግዛት ጀመረች። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ የውጭ ብቅል አምራቾች ደብረ ብርሃንና ቦሌ ለሚ ላይ ፋብሪካ ከፍተዋል። ይህ መልካም ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ያድናል፣ ለገበሬውም ገበያ ይሰጣል። ጠላና ፋርሶ ጠምቃ ልጆቿን የምታስተምር ሴት ግን በሁለቱም ዘመን በዕቅዱ ውስጥ የለችም።

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክን ተመልከቱ። በ2011 ዓ.ም መጀመሪያ ሲመረቅ ትኩረቱ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ነበር። እንዲህ ባሉ ፓርኮች በአብዛኛው የሚሠሩት ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አያቶቻቸው መጅ ይዘው የኖሩ። ኢንዱስትሪ ሲባል ከውጭ በኮንቴይነር የሚመጣ ነገር ብቻ ይመስለናል። እሴት መጨመር የሚለውን ቃል ከመስማታችን በፊት ግን ገብሱን ወደ ብቅል፣ ብቅሉን ወደ ጠላ ለውጠው የሚሸጡ ሴቶች ነበሩን።

«መጠጥ እናስፋፋ ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። መጠጡማ ተስፋፍቷል፤ የቢራ ጠርሙስ ያልደረሰበት ከተማ የለም። የእኔ ጥያቄ ገቢው ለማን ይድረስ የሚል ነው።

የሚጠየቀው ደግሞ ሰማይ የሚነካ አይደለም። የአርሲ ብቅል በትንሽ ከረጢት ለጠማቂዎች ይሸጥ። ለብቅልና ለጌሾ ብቻ የተለየ፣ የአፈጫጨቱን መጠን መቀያየር የሚችል ወፍጮ በየአካባቢው ይኑር። ጠማቂዎች በማኅበር ተደራጅተው ብድር ያግኙ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማ ውስጥ አለ፤ የጠላን አፈጫጨትና አጠማመቅ እንደ ቴክኖሎጂ ቆጥሮ ቢያጠናውና ቢመዘግበው ያምርበታል።

ዕውቀቱ በወረቀት የለም፤ በእናቶች እጅ ነው። ልጆቻቸው ፈረቃ ገብተው ሸሚዝ ሲሰፉ የሚውሉ ከሆነ፣ ከእናት የሚማረው ማን ነው? ዛሬ ካልጻፍነው፣ ነገ ጠላ መጥመቅን ከነወፍጮው ከውጭ እንገዛዋለን፤ ያውም በዶላር።