ለትርዒት ተቀጥረው ሄደው ማራቶን የሮጡ ሁለት አፍሪቃውያን



ሰው ለእንጀራው ሲል ባሕር ተሻግሮ፥ በሰው አገር ለጥቂት ወራት ተቀጥሮ መሥራቱ የቆየ ነገር ነው። ነገር ግን ለደመወዝ ብቻ የሄደ ሠራተኛ ሳይታሰብ በዓለም የስፖርት ታሪክ ውስጥ ገብቶ ሲገኝ፥ ከዚያም ስሙ ተበላሽቶ ተጽፎ ማንነቱ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ሲቀር፥ ታሪኩ ሊነገር ይገባዋል። ዛሬ የምናወሳው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በሴይንት ሉዊስ ከተማ የሆነውን ነው። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር 1896 ዓ.ም. ሲሆን፥ የዓድዋ ድል ከሆነ ስምንት ዓመት አልፎት፥ የአሜሪካው መልክተኛ ሮበርት ስኪነርም አዲስ አበባ ገብቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ከተፈራረመ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠራቸው ዓመታት የእኛ ነው ካላልን በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ ዓመት አሜሪካኖች ሉዊዚያና የተባለውን ሰፊ ግዛት ከፈረንሳይ የገዙበትን መቶኛ ዓመት፥ አንድ ዓመት ዘግይተው፥ በታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን አከበሩ። ኤግዚቢሽኑ የተሠራበት መሬት በእኛ ልክ 12 ጋሻ ያህል ይሆናል። የኦሊምፒክ ጨዋታ አስቀድሞ ለቺካጎ ከተማ ተሰጥቶ ነበር። ሆኖም የሴይንት ሉዊስ ሰዎች አጥብቀው ስለ ተከራከሩ ወደነርሱ ተዛወረ፤ ከተዛወረም በኋላ ራሱን የቻለ በዓል መሆኑ ቀርቶ፥ በኤግዚቢሽኑ ውስጥ ከሚታዩት ከብዙዎቹ ነገሮች እንደ አንዱ ተቈጠረ። ከአውሮፓም መንገዱ ሩቅ፥ ወጪውም ብዙ በመሆኑ የመጡት ተወዳዳሪዎች ጥቂቶች ነበሩ።

ከኤግዚቢሽኑ ትርዒቶች መካከል ሕዝቡ እየከፈለ የሚያየው አንድ የጦርነት ትርዒት ነበር። ይኸውም ከ1899 እስከ 1902 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪቃ በእንግሊዞችና ቦር በሚባሉት፥ አብዛኛዎቹ ከሆላንድ ዘር በሆኑት ነጮች መካከል የተደረገው ጦርነት ነው። ጦርነቱ ካለቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። በዚያ ጦርነት የተዋጉ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ከሁለቱም ወገን በደመወዝ ተቀጥረው፥ ፈረሳቸውንና መድፋቸውን ይዘው፥ የኮሌንሶንና የፓርድበርግን ውጊያ እንደገና እየተዋጉ ያሳዩ ነበር። የሚያስገርመው ግን ጄኔራል ፒት ክሮንዬ ራሱ በመካከላቸው መገኘቱ ነው። ይህ ሰው በየካቲት ወር 1900 ዓ.ም. በፓርድበርግ ተከብቦ፥ 4,000 ከሚያህል ሠራዊቱ ጋር ለእንግሊዙ አዛዥ ለሎርድ ሮበርትስ እጁን የሰጠና በሴይንት ሄሌና ደሴት የታሰረ ነበር። አሁን ደግሞ ያንኑ ሽንፈቱን ቲኬት ቈርጦ በተቀመጠ ሕዝብ ፊት ደጋግሞ ያሳይ ጀመር። በአገሩ ሰዎች ዘንድም ስለዚህ ነገር ክፉኛ ተነቀፈ። በእኔ አስተያየት ግን ክሮንዬን መንቀፍ የሚቀል ነገር አይደለም። በጦርነቱ የብዙ ቦር እርሻ ተቃጥሎ፥ ከብቱ አልቆ ነበርና፥ የትናንት ጄኔራልም ቢሆን ዛሬ የሚበላው ያስፈልገዋል።

ነጩ ጄኔራል እንዲህ ከሆነ፥ በዚያው ትርዒት የተቀጠሩት ጥቁሮች ነገር እንዴት ይሆን? ጦርነቱ «የነጮች ጦርነት» ይባል እንጂ የአገሩ ተወላጆች በሁለቱም ወገን በመልክተኝነት፥ በጫኝነትና በዘበኝነት አገልግለዋል። እንግሊዞች ሕዝቡን አፍሰው ባጎሩበት ሰፈር ውስጥ ብቻ የሞቱት ጥቁሮች፥ በመዝገብ የተገኙትን ብንቈጥር፥ ከ14,000 በላይ ናቸው። ትርዒቱ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ጥቁሮችም አብረው ተወሰዱ። ከነዚህም ውስጥ ሁለቱ የትስዋና ነገድ ሰዎች፥ ሌን ታውንያኔና ያን ማሺያኒ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ መልክት ይዘው የሚሮጡ ነበሩ ተብሎ ይነገራል።

የኤግዚቢሽኑ አዘጋጆች በነሐሴ ወር 1904 ዓ.ም. ሌላም ነገር አድርገዋል። ለትርዒት ከየአገሩ ያመጧቸውን ሰዎች፥ ማለት የፊሊፒንን፥ የፓታጎንያን፥ የጃፓንን አይኑዎች፥ የአፍሪቃንና የአሜሪካን ቀደምት ተወላጆች ሰብስበው፥ ጨዋታውን ሳያስተምሯቸውና ሳያለማምዷቸው ሁለት ቀን አወዳደሯቸው። እነዚያ ሰዎች በማያውቁት ጨዋታ ወደ ኋላ ሲቀሩ፥ የነጭ ዘር ብልጫ ተረጋገጠ ብለው ጻፉ። መርምሮ ለማወቅ ሳይሆን አስቀድሞ የታሰበውን ለማጽናት የተደረገ ፈተና መሆኑን ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው፥ በነሐሴ 30 ቀን፥ በእኛ ነሐሴ 24 ቀን 1896 ዓ.ም. ማለት ነው፥ የማራቶኑ ሩጫ ተደረገ። ታውንያኔና ማሺያኒ የተወዳደሩት በዚህኛው፥ በዋናው የኦሊምፒክ ሩጫ ነው። ደቡብ አፍሪቃ በዚያን ጊዜ ገና አንድ መንግሥት አልሆነችም፤ የላካቸውም የስፖርት ማኅበር አልነበረም። ከአፍሪቃ ጥቁር ሕዝብ በዘመናዊው ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደሩት እነዚህ ሁለት ቅጥር ሠራተኞች ናቸው።

ሩጫው የተጀመረው ከቀኑ በ9 ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ 32 ዲግሪ ያህል ነበር። ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር፥ መንገዱም ሰባት ኰረብታ ያለበትና አቧራማ ነበር። በዚያ ላይ ዳኞችና ሐኪሞች የተሳፈሩባቸው አውቶሞቢሎች ከሯጮቹ ፊትና ኋላ እየሄዱ አቧራውን ያስነሡባቸው ነበር። ውኃ የሚገኘው በአንድ ሁለት ስፍራ ብቻ ነው፤ የጨዋታው ሹም ጄምስ ሰሊቫን የውኃ ጥም በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ለማየት ፈልጎ ነበርና። ዊልያም ጋርሲያ የተባለው ሯጭ አቧራው ውስጡን ጎድቶት በመንገድ ወድቆ ከሞት ለጥቂት ተረፈ። ፍሬድ ሎርዝ የተባለው ደግሞ ደክሞት ካቋረጠ በኋላ 11 ማይል ያህል በአውቶሞቢል ሄዶ፥ ከዚያ ወርዶ እየሮጠ ወደ ስታዲየሙ አንደኛ ሆኖ ገባ፤ ሕዝቡም አጨበጨበለት፤ ነገሩ በታወቀ ጊዜ ግን ተሰረዘ። አሸናፊ የተባለው ቶማስ ሂክስ ነው። ይህም ሰው ውኃ ቢለምን ተከልክሎ፥ ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ ከእንቁላል አስኳል ውጭ ካለው ነጩ ጋር፥ ኋላም ብራንዲ ጨምረው እያጠጡ፥ ደጋፊዎቹ ይዘውት በ3 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ገባ። በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን ያሸነፈ ሰው ከዚህ የዘገየበት ጊዜ የለም።

ለታውንያኔና ለማሺያኒ መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም ቀርቶ፥ ስማቸውን አስተካክሎ የሚጽፍ ጸሐፊ እንኳ አልተገኘም። ታውንያኔ በመንገድ ሳለ ውሾች ተነሥተውበት አንድ ማይል ያህል ከመንገዱ አስወጥተው እንዳሯሯጡት ይተረካል። ይህ ባይሆን ምናልባት ከዚያ በተሻለ ደረጃ ይገባ ነበር። ቢሆንም ከተነሡት 32 ሯጮች 18ቱ ሲያቋርጡ፥ ከነዚህም አንዱ ከደቡብ አፍሪቃ የመጣው ነጩ ሯጭ ሃሪስ ሲሆን፥ ታውንያኔ 9ኛ፥ ማሺያኒ 12ኛ ሆነው ጨረሱ። ከሦስት ሳምንት በፊት የተጻፈው የዘር ብልጫ ወሬ በዚያ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደ ጸና አድማጭ ይፍረድ።

በመዝገቡ ላይ ግን አንደኛው «ሌንታው»፥ ሁለተኛው «ያማሳኒ» ተብለው ተጻፉ። የአንዱ ስም ተቈርጦ፥ የሌላው ስምና የአባት ስም ተዋሕዶ መሆኑ ነው። በውጭ አገር የሠራ ወይም የተማረ ወገናችን ሁሉ ስሙ በባዕድ ብዕር ምን እንደሚሆን ያውቀዋል። ነገዳቸውንም ብዙዎች ዙሉ አሉት። ትክክለኛው ስማቸውና የትስዋና ሰዎች መሆናቸው በደቡብ አፍሪቃ ታሪክ መርማሪዎች ተጣርቶ የታወቀው ብዙ ዐሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

በአገራቸውም በር ተዘጋ። በ1912 ዓ.ም. በስቶክሆልም የደቡብ አፍሪቃ ሯጭ ኬን ማክአርተር ማራቶንን ሲያሸንፍ፥ ቡድኑ የነጮች ብቻ ነበር፤ እስከ 1960 ዓ.ም. የሮም ኦሊምፒክ ድረስም ይኸው ሆነ። በዚያው በሮም፥ በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ለአፍሪቃ ጥቁር ሕዝብ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘ። ደቡብ አፍሪቃ ግን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በዘር ልዩነት ሕጓ ምክንያት ከጨዋታው ተከለከለች። በ1992 ዓ.ም. በባርሴሎና ስትመለስ፥ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ደቡብ አፍሪቃዊቱን ኤላና ማየርን ቀድማ ካሸነፈች በኋላ፥ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ።

ከዚያም አራት ዓመት ቈይቶ የማራቶኑ ነገር ወደዚያችው አሜሪካ ተመለሰ። በአትላንታ ከተማ በሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ፋጡማ ሮባ የሴቶቹን ማራቶን አሸነፈች። በሳምንቱ የወንዶቹን ያሸነፈው ጆሳያ ቱግዋኔ የተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሠራተኛ ነበር፤ ኦሊምፒክ ከመድረሱ ጥቂት ወራት በፊት ወንበዴዎች ተኩሰውበት ጥይት አገጩን ጭሮት አልፏል። ከደቡብ አፍሪቃ ጥቁሮች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው፤ ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ተብሎ ተመዝግቧል። የታውንያኔና የማሺያኒ ሰዓት ግን እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ በሴይንት ሉዊስ ከፊተኞቹ ሦስቱ በኋላ ለገቡት ሯጮች የተጻፈ ሰዓት አልተገኘም።