ፊደላችን ሳጥን የነበረበት ዘመን

ልደታ ማርያም አካባቢ ጠዋት ጠዋት የሚርመሰመሰው ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የሚሄድ አይደለም። ፋይል በብብቱ ይዞ የሚጣደፈው ወደ ፍርድ ቤት ነው። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ባለበት በዚህ ሰፈር፣ ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝና ማመልከቻ የሚጽፉ ትንንሽ የጽሕፈት ቤቶች አይጠፉም። ሥራው ዕድሜ ጠገብ ነው። ድሮ ራፖር ጸሐፊው በብዕር ይጽፈው ነበር፤ ከዚያ የጽሕፈት መኪና መጣ፤ ከዚያ ኮምፒውተር።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ምንድን ነው ብትሉ መልሱ አጭር ነው፤ አማርኛ መጻፊያ ነው። ስለዚህ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጣ ሲባል የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄም ሌላው ዓለም ከሚጠይቀው ይለያል። ሌላው «ያምራል ወይ? ይፈጥናል ወይ?» ይላል። እኛ ጋ ለብዙ ዓመታት ጥያቄው «አማርኛ ይጽፋል ወይ?» ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ታሪክ ነው። ማንም ሳያዛቸውና ሳይከፈላቸው፣ ገና ያልተለቀቀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በገዛ ማሽናቸው ላይ ጭነው «ሀ» መታየቷን የሚያጣሩ ሰዎች ለምን እንደሚያስፈልጉንም ከታሪኩ እናያለን።

የችግሩ ሥር ቁጥር ነው። የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች አንድን ፊደል በአንድ ባይት ነበር የሚያስቀምጡት። አንድ ባይት 256 ቦታ አለው። ግማሹን፣ ማለትም 128ቱን፣ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና የማሽኑ ትእዛዞች ቀድመው ይዘውታል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ ቤተሰብ በ7 ድምፅ ሲባዛ 231 ይሆናል። እነ ሏ፣ ቋ እና ኗን፣ ሥርዓተ ነጥቡን፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን ቁጥሮች ስትጨምሩበት ደግሞ የባሰ ነው። አይገባም። ሚኒባስ እንኳን ትርፍ ሲጭን ወሰን አለው።

ጣጣው በኮምፒውተር አልተጀመረም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ የገጠማቸው ይኸው ነበር፤ ለጥቂት የላቲን ፊደላት በተሠራ መኪና ላይ ይህን ሁሉ ፊደል እንዴት ማስፈር ይቻላል? መፍትሔው ፊደሉን ከነቅጥያው መበታተን ሆነ፤ ዋናውን ትመታላችሁ፣ ቅጥያውን ትጨምሩበታላችሁ። በኋላ የመጡት ፕሮግራመሮችም ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ሄዱ። አንዳንዱ ፊደልን ከቁርጥራጭ ገጣጠመ፤ ሌላው ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈለው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፍስሃ አትላው አሜሪካ ሆነው በዳሸን ኢንጂነሪንግ ስም የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ካቀረቡ ወዲህ፣ ሞድኢት፣ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ቪዥዋል ግእዝ፣ ፓወር ግእዝ እያለ ዝርዝሩ ረዘመ። እነዚህ ፕሮግራሞች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ባይኖሩ ጋዜጣውም መጽሐፉም የክስ ማመልከቻውም በኮምፒውተር አይታተምም ነበር።

ግን የሚሠሩት በጭምብል ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው የላቲኗን «ኤል» ነው፤ የሚያስቀምጠውም እሷኑ ነው። ፎንቱ ነው ፊቷን በ«ለ» የሚሸፍንላት። ጭምብሉ ሲነሳ፣ ማለትም ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት፣ አማርኛው ይጠፋና የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ይቀራል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ ጭምብል ነበረው። አንዱ «ለ»ን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ሌላው «መ»ን አስቀምጧል።

ይህ ለልደታው የጽሕፈት ቤት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የይግባኝ ጊዜ ሊያልፍበት የደረሰ ባለጉዳይ ፋይሉን በፍሎፒ ይዞ ይመጣል። ፋይሉ የተጻፈው በአንዱ ፕሮግራም ነው፤ ቤቱ ያለው ሌላ ነው። ያለው ምርጫ ከወረቀቱ ላይ እያዩ እንደገና መጻፍ ነው። በሺህ ከሚቆጠሩ ፋይሎች መካከል የአንድ ሰው ስም ያለበትን መፈለግም ዘበት ነበር፤ ኮምፒውተሩ ስሙን በአማርኛ አላስቀመጠውማ! ለዶስ የተሠራው ፕሮግራም ደግሞ ዊንዶውስ ሲመጣ እንደገና መሠራት ነበረበት። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ልብስ በቀየረ ቁጥር ፊደላችን እንደ አዲስ ደጅ ጠናች።

በዚሁ ዘመን ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ፊደልን በላቲን ሆሄያት የመወከያ ሥርዓት አዘጋጁ። ስሙ «ሴራ» ይባላል፤ ተንኮል እንዳይመስላችሁ፣ የእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻረ ቃል ነው። ጭምብል በሌለበት ኢሜይል ላይ አማርኛን አሻሚ ባልሆነ መንገድ መጻፍ አስቻለ። ዛሬ ሁለት የላቲን ቁልፍ መትታችሁ «ለ» ስትወጣ ለምትወዱት ዘዴ ቅርብ ዘመድ ነው።

ዋናው ለውጥ የመጣው ግን መስከረም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል በ345 ምልክቶች አካተተ። ከዚያ በኋላ «ሀ» በዓለም ላይ የራሷ የማትነጠቅ ቁጥር አላት፤ በሄክሳዴሲማል 1200። ጭምብል የለም፣ ከ«ኤች» ጀርባ መደበቅ የለም። «ሀ» የትም ሄደች የት «ሀ» ናት።

ታዲያ ታሪኩ እዚህ አለቀ? አላለቀም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው የልደታ ሰው ይህን ያውቃል፤ ስም መውጣቱ አንድ ነገር ነው፣ ቁልፍ መረከቡ ሌላ። ከዩኒኮድ 3.0 ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲለቀቅ የኢትዮጵያን ፊደል የሚያሳይ ፎንት አብሮት አልመጣም። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ስትከፍቱ የምታዩት የሳጥን ሰልፍ ነበር። ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን። አድራሻው አለ፣ ቤቱ የለም።

የሚገርመው ነገሩ ከባድ አልነበረም። የእኛ ፊደል እንደ ዓረብኛ እየተያያዘ መልኩን አይቀያይርም፤ ለማሳየት ትክክለኛ ፎንት ይበቃዋል። ለመጻፍ ደግሞ የኪቦርድ ፕሮግራም። ነገሩ የገባቸው ሰዎች ጂኤፍ ዘመንን ወይም አቢሲኒካን የመሰለ ነፃ የዩኒኮድ ፎንት ጭነው፣ ኪማንን ጨምረውበት ይሠሩ ነበር። ግን ይህ የሚያውቅ ሰው መንገድ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ የላከው ፋይል ተቀባዩ ጋ ሳጥን ሆኖ ከታየ፣ ዩኒኮድ ለእሱ ምንም አልፈየደለትም። ስለዚህ ብዙው ሰው በለመደው ጭምብል ቀጠለ፤ አይፈረድበትም።

ቁልፉ የተሰጠን በዊንዶውስ ቪስታ ነው። ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2007) ለሕዝብ ሲቀርብ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ። ፎንቱን የሣሉት ጆን ሃድሰንና ጄራልዲን ዌድ ናቸው፤ ስሙን ያገኘው ከእኛው የደጋ አጋዘን ነው። ከዩኒኮድ 3.0 እስከ ቪስታ ሰባት ዓመት ከአራት ወር ሄዷል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ ሰባተኛን ይጨርሳል።

ቪስታ ከመለቀቁ በፊት ማይክሮሶፍት የሙከራ ቅጂውን ለፈለገ ሁሉ ከፍቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 የወጣው ቤታ 2 ከበይነ መረብ በነፃ ይወርድ ነበር። ቤታ ማለት ይኸው ነው፤ አሠሪው ቤቱን ጨርሶ ሳይለስነው ሰው አስገብቶ «የቱ ጋ ያፈሳል?» ብሎ ይጠይቃል። ሊዘጋ፣ ፋይል ሊያጠፋ፣ ፕሪንተሩን አላውቀውም ሊል ይችላል። ቀን ተቆርጦለትም ነው የሚመጣው፤ የቪስታ የሙከራ ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ2007 አጋማሽ ላይ መሥራት እንዲያቆሙ ተደርገው ነው የተሠሩት። ሞካሪው በምላሹ የሚያገኘው አንድ ነገር ነው፤ ገና ሲሚንቶው ሳይደርቅ የመናገር ዕድል።

አሁን ሒሳቡን ከአዲስ አበባ ሆናችሁ ሥሩት። ፋይሉ ሦስት ጊጋ ባይት ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ቤት የነበረው የስልክ መስመር ኢንተርኔት ነው፤ ፍጥነቱ በወረቀት ላይ 56 ኪሎ ቢት በሰከንድ። አካፍሉት። ስልኩ ለአንዲት ሰከንድ ሳይቋረጥ፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ማንም «ስልክ ልደውል» ሳይል አምስት ቀን ከነሌሊቱ ይፈጃል። ስለዚህ ፊደሉ መሥራቱን ማረጋገጥ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሰው፣ ከሁሉ በላይ መሞከር የማይችለው ሰው ነበር። አሜሪካ ያለ ሞካሪ ፕሪንተሩ እንዳልሠራለት ሲናገር፣ ልደታ ያለው የጽሕፈት ሠራተኛ ስለ «ሀ» የሚናገርበት ወንበር አልነበረውም። ፊደላችን የዘገየችው አስቸጋሪ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሲሚንቶው ሳይደርቅ የሚናገርላት ሰው ቁጥሩ ትንሽ ስለነበረም ነው። የነበሩት ጥቂቶች፣ ብዙዎቹ በውጭ አገር ሆነው፣ የአገር ሸክም ተሸክመዋል።

በሌላ በኩል ኡቡንቱ ነበረ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 የመጀመሪያው ሲወጣ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ለሚጠይቅ ሁሉ ይልክ ነበር፤ አገልግሎቱ እስከ 2011 ቆይቷል። አምስት ቀን የሚፈጀው ጉዳይ በፖስታ ሳጥን ተፈታ ማለት ነው። በየስድስት ወሩ አዲስ ቅጂ፣ ከእያንዳንዱ በፊት ደግሞ ቤታ አለው። ከሁሉም በላይ ሞካሪው ስህተት ሲያገኝ ከመናገር አልፎ ራሱ ማስተካከል ይችላል። ሊኑክስ የአማርኛን የወርና የቀን ስሞች፣ የአጻጻፍ ልማዶች የሚያነብበት ፋይል የመጣው ዳንኤል ያዕቆብ ካለበት ከግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው። ሰው ተቀምጦ «መስከረም» ብሎ ካልጻፈው ማሽኑ መስከረምን ከየት ያመጣል?

ዛሬ ስልካችሁ ላይ አማርኛ ስትጽፉ ይህ ሁሉ ተረት ይመስላል። ግን አላለቀም። ማይክሮሶፍት ለፕሮግራመሮች በሚያቀርበው ዶትኔት ውስጥ የዕብራውያን፣ የፋርስ፣ የታይላንድ የዘመን አቆጣጠር ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ የእኛ የለም። ጆዳ ታይም በተባለው የጃቫ ስብስብ ውስጥ ግን አለ፤ ስለዚህ ጳጉሜን የማይቻል ነገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ የሚያገለግሉ 28 ፊደላትን ጨመረ። የቆየ ፎንት ባለበት ማሽን ላይ እነዚያ ፊደላት ዛሬም ሳጥን ናቸው። በእኛ በኩል ያለቀው ታሪክ ለጉራጊኛ ጸሐፊ ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ነው።

ስለዚህ ፕሮግራሚንግ የምትሞክሩ ልጆች፣ ቀጣዩ ቤታ ሲወጣ ዋና ማሽናችሁን ሳትነኩ በቨርቹዋል ማሽን ላይ ጫኑትና የግድግዳ ሥዕሉን ከማየታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። አንድ ፎልደር በአማርኛ ሰይሙ። «ኃይሉ» ብላችሁ ጻፉና «ሀይሉ» ብላችሁ ፈልጉት፤ ያገኘዋል ወይ? ቃላትን በሁለት ነጥብ፡ እየለያችሁ፡ ረጅም፡ መስመር፡ ጻፉ፤ መስመሩ የሚታጠፈው ነጥቡ ላይ ነው ወይስ ቃል መሐል? ጠዋት አንድ ሰዓትን ያውቃል? ጳጉሜን ስንት ቀን ናት ይላል? የጉራጊኛ ፊደላቱን ለጥፉ፤ ሳጥን መጣ?

ሳጥን ከመጣ ፎቶ አንሱት፣ የቅጂውን ቁጥር ጻፉ፣ ምን አድርጋችሁ ምን እንደሆነ በሁለት መስመር አስረዱና ላኩት። ልደታ ላይ ፋይል በብብቱ ይዞ የሚሮጠው ሰው የእናንተን ሪፖርት መቼም አያየውም። እሱ የሚያውቀው ማመልከቻው በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ መከፈቱን ብቻ ነው።