መጽሐፍና አንባቢን ማገናኘት፦ ከኅሩይ ካታሎግ እስከ ቦምቤ

በወላይታ ዞን የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ በሆነችው በቦምቤ የሚኖር አንድ መምህር፣ ወይም ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አባቱ ማሳ የተመለሰ አንድ ወጣት፣ ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ አቆፋፈር ወይም ስለ አገሩ ታሪክ የሚያስረዳ አዲስ መጽሐፍ ለማንበብ ቢፈልግ ሁለት ችግሮች ይገጥሙታል። አንደኛው መጽሐፉን ማግኘት ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የማይነሣው ግን፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ መታተሙን ማወቅ ነው። መኖሩን ያላወቀውን መጽሐፍ ማንም ሰው ሊጠይቅ አይችልም። ያልተጠየቀ መጽሐፍ ደግሞ በመደርደሪያ ላይ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል።

የኢትዮጵያን የቤተ መጻሕፍት ታሪክ በዚህ ዓይን ለሚመረምር ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። መጻሕፍትን ለመሰብሰብና ለመጠበቅ ብዙ ተደክሟል፤ ሕግም ወጥቷል። አዲስ የወጣውን መጽሐፍ መርምሮ «ይህ ለአንተ ይጠቅምሃል» ብሎ ለአንባቢው የማቅረቡ ሥራ ግን በየዘመኑ ተጀምሮ በየዘመኑ ተቋርጧል።

የመጀመሪያው ዝርዝር

ከእጅ ጽሑፍ ወደ ኅትመት በሚደረገው ሽግግር ላይ ይህን ጉድለት ቀድመው ካስተዋሉት ሊቃውንት አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ኅሩይ በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት የሚዘረዝር ሥራ በ1904 ዓ.ም. አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ካታሎጉን አስፍተው እንደገና አወጡት። እርሳቸው ራሳቸው በርካታ መጻሕፍትን የጻፉና ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት ያቋቋሙ ሰው ነበሩ። ስለዚህ መጽሐፍ ተጽፎና ታትሞ ብቻ እንደማያበቃ፣ ስሙም ወደ አንባቢው መድረስ እንዳለበት ከማንም ይልቅ ይረዱት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኅሩይ ካታሎግ ዝርዝር እንጂ ግምገማ አይደለም። ይሁን እንጂ መጻሕፍት በየገዳሙና በየመኳንንቱ ቤት ተበታትነው በሚኖሩበት ዘመን ያለውን ነገር በአንድ ቅጽ ቆጥሮ ማስታወቅ ትልቅ እርምጃ ነበር።

የመሰብሰቡ ዘመን

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አዋጅ ቁጥር 50 ደግሞ በአገር ውስጥ ከሚታተም ከማናቸውም ጽሑፍ ሦስት ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ገቢ እንዲሆን አስገደደ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን አቋም በአዲስ መልክ ደነገገ። እነዚህ ሕጎች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ በዚያ የሚገኘው ሀብት ግማሹም ባልተረፈ ነበር።

ዳሩ ግን ሦስቱም ቅጂዎች የሚገቡት አዲስ አበባ ነው። ሕጉ መጽሐፉ እንዲጠበቅ ያደርጋል እንጂ እንዲታወቅ አያደርግም።

ወደ ማስታወቁ ሥራ ይበልጥ የቀረበው ዩኒቨርሲቲው ነበር። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነትና በስታኒስላው ቾይናትስኪ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት፣ በአገር ውስጥ የታተሙ መጻሕፍትንና ጋዜጦችን የሚያስታውቁ ዝርዝሮችን አዘጋጅቶ ያሳትም ነበር። ቀደም ሲል በወመዘክር ያገለገሉት ሪታ ፓንክረስትም በኋላ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት መርተዋል። የእነዚህ ዝርዝሮች ተጠቃሚ ግን በአብዛኛው ተመራማሪው እንጂ ተራው አንባቢ አልነበረም።

ዘመቻውና አዲሱ አንባቢ

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። ትምህርቱ በመጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች ሲሰጥ ከአምስቱ አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ በኋላ የቋንቋዎቹ ቁጥር 15 ደርሷል። ኢትዮጵያም በዚህ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አግኝታለች። በወላይታ ገጠር እስከዚያ ጊዜ ድረስ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በገዛ ቋንቋው ማንበብ ጀመረ።

የዘመቻው መሪዎች ማንበብ የቻለ ሰው የሚያነበው ካላገኘ ተመልሶ መሃይም እንደሚሆን ተረድተው ነበር። በየገበሬ ማኅበሩና በየቀበሌው የንባብ ቤቶች እንዲከፈቱ፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ የሚያስረዱ ትንንሽ መጻሕፍትም እንዲዘጋጁ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ልብ ብሎ ለሚመለከተው ሰው እነዚህ ሁሉ ልብ ወለድ ያልሆኑ ጽሑፎች ናቸው። የገጠሩ አዲስ አንባቢ ወደ መጽሐፍ ዓለም የገባው በተረት በር ሳይሆን በዕውቀት በር ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። የንባብ ቤቱ መጽሐፍ ከላይ ተመርጦ የሚላክ እንጂ አንባቢው ጠይቆ የሚያስመጣው አልነበረም። የዘመቻው ግለት ሲበርድ የሚልከው እጅ ዛለ፤ በቦታው ሆኖ «አሁን ደግሞ ይህ ወጥቷል» የሚል ሰው አልተተካም።

በዚያው ዘመን ልብ ወለዱ የተሻለ ዕድል አጋጥሞት ነበር። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅቱ መጻሕፍትን ይተርክ ነበር፤ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ መጽሐፉን በእጁ ያልነካ ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን አወቀ። የታሪክ፣ የሕክምና ወይም የግብርና መጽሐፍ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ አላገኘም።

የሌላው ዓለም ልምድ

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1905 «ቡክሊስት» የተባለ መጽሔት ማውጣት የጀመረው፣ በቂ ገንዘብና ባለሙያ የሌላቸው ትንንሽ ቤተ መጻሕፍት ከአዳዲስ መጻሕፍት መካከል የትኛውን ቢገዙ እንደሚበጅ በአጭር ማብራሪያ ለመምከር ነው። ምክሩ ለትልልቆቹ ሳይሆን ለትንንሾቹ መታሰቡ ትምህርት የሚሰጥ ነው፤ አንድ መጽሐፍ ብቻ ለመግዛት የሚችል ቤተ መጻሕፍት ቢሳሳት የሚተካበት ሌላ ገንዘብ የለውምና።

በሕንድ ደግሞ የሒሳብ መምህር የነበሩት ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተሙት ሥራቸው የሙያውን መሠረተ ሐሳብ በአምስት ሕግጋት አጠቃለሉት። ከአምስቱ ሁለቱ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንባቢው የሚስማማውን መጽሐፍ እንዲያገኝ፣ መጽሐፉም የሚስማማውን አንባቢ እንዲያገኝ ያዝዛሉ። የመጀመሪያው የሚፈጸመው አንባቢው ሲጠይቅ ነው። ሁለተኛው ግን አንባቢው ሳይጠይቅ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ቀድሞ እንዲነሣ ግድ ይላል። በኢትዮጵያ የጎደለው ይህ ሁለተኛው ነው።

በቦምቤ ምን ይመከር?

ወደ ቦምቤ ስንመለስ፣ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው የአንባቢውን ቋንቋና ጽሕፈት ነው። በዘመቻው ጊዜ ወላይትኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን በትምህርት ቤት የሚሰጠው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በአንድ ጎጆ ውስጥ አባት የገዛ ቋንቋውን በአንድ ፊደል፣ ልጅ በሌላ ፊደል ያነባሉ። የአማርኛው መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል፣ የከፍተኛ ትምህርቱ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። ለአባት የተመረጠ የወላይትኛ መጽሐፍ ለልጅ፣ ለልጅ የተመረጠው ለአባት ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ስለ አንባቢው ራሱ የተጻፈው መጽሐፍ ለእርሱ ሩቅ ሆኖ መቅረቱ ነው። ዋዱ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በ1962 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስለ ወላይታ መሬትና ገበሬ ብዙ ተጠንቷል፤ ጥናቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 እንሰትን «ረኃብን የሚከላከል ዛፍ» ብሎ የሰየመው የታወቀ ጥናትም እንዲሁ በእንግሊዝኛ የታተመ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለአንባቢው መምከር ማለት ርእሱን መንገር ብቻ አይደለም፤ ፍሬ ሐሳቡን በግማሽ ገጽ አማርኛ ወይም ወላይትኛ አብሮ ማቅረብ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው የመመርመር ኃላፊነት ነው። ልብ ወለድን የሚመክር ሰው ቢሳሳት አንባቢው ጥቂት ሰዓት ያባክናል። የሕክምና ወይም የግንባታ መጽሐፍ የሚመክር ሰው ቢሳሳት ግን ጉዳቱ በሰውና በንብረት ላይ ይደርሳል። በታሪክም እንደዚሁ ነው። በ1887 ዓ.ም. የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ድል የተመቱበትን ዘመቻ አንዱ ጸሐፊ አገርን አንድ የማድረግ ሥራ፣ ሌላው ወረራ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ለቦምቤ ወጣት አንዱን ብቻ አንሥቶ መስጠት ሌላውን መደበቅ ይሆናል። ጸሐፊው ማን ነው? ማስረጃው ከየት ተገኘ? መቼና ለማን ጻፈው? እነዚህን ጥያቄዎች ከመጽሐፉ ጋር አያይዞ ሁለቱንም ሥራዎች ጎን ለጎን ማቅረብ ግን አንባቢውን ዳኛ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ አንድ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ብቻውን ይወጣው ዘንድ መጠበቅ ፍትሕ አይደለም። ስለ አፈር ጥበቃ የተጻፈ መጽሐፍ ትክክል መሆኑን የሚያውቀው የአፈር ባለሙያ፣ ስለ ድልድይ የተጻፈውን የሚያውቀው መሐንዲስ ነው። በየወረዳው ለመንገድና ለውኃ ሥራ የሚሰማሩ የሙያ ማኅበር አባላት በዓመት አንድ ጊዜ በየሙያቸው ከወጡት አዳዲስ መጻሕፍት መካከል አንዱን መርጠው፣ ምን እንደሚጠቅምና የት ላይ እንደሚሳሳት በግማሽ ገጽ ጽፈው በሚሠሩበት ወረዳ ለሚገኝ የንባብ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ቢሰጡ ወጪው ወረቀትና ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. ዝርዝራቸውን ሲያሳትሙ የሚያግዛቸው የመጽሐፍ ሕግም ሆነ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አልነበረም። ዛሬ ሁለቱም አሉ፤ የቀረው በመጽሐፉና በቦምቤ አንባቢ መካከል ቆሞ የሚያስተዋውቀው ሰው ነው።