መንገድ ያሳደጋት ከተማ

ሻሸመኔን አልፋችሁ ሐዋሳ የምትገቡበት ጎዳና ተራ አስፋልት አይደለም። ወደ ዲላ፣ ወደ ሞያሌ፣ ከዚያም ወደ ናይሮቢ ይዘልቃል፤ ካይሮን ከኬፕታውን እንዲያገናኝ የታሰበው የአፍሪካ አውራ መንገድ አካል ነው።

የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ቀድሞ ይርጋለም ነበረች። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ተቆረቆረች፤ ምሥረታዋም ከራስ መንገሻ ሥዩም ስም ጋር ይነሣል። በኋላ አስተዳደሩ ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ ዞረ።

ነገር ግን ታሪኩ ከአስፋልቱ ይቀድማል። አካባቢው አዳሬ ይባል ነበር፤ በሐይቁ ዳር ሲዳማዎች ከብት ያሰማሩበት ነበር። ያ ስም ዛሬም በአዳሬ ሆስፒታል ላይ አለ። ስንቶቻችን በሩ ላይ እያነበብነው እናልፋለን?

እስቲ አንድ ቅዳሜ ታቦር ተራራ ውጡ። በአንድ ወገን ሐይቁንና አሞራ ገደልን፣ በሌላው ከተማውን ታያላችሁ። በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ፣ በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ያገኘችው ሐዋሳ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሲዳማ ክልል መዲና ሆናለች።

ይህች ከተማ ከብዙዎቻችሁ አያቶች በዕድሜ ታንሳለች። መስክ ሳለች ያዩዋት ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። ኢያሱ ከዮርዳኖስ 12 ድንጋዮች ያስወጣው ልጆች እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲመልሱ ነበር። የእኛም ድንጋዮች ቆመዋል። ደብተር ይዛችሁ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ጻፉ።